የመንገድ ሥር ሟቾች

በመንገድ ሥር ሰፈር የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ይመር ጌጡ። የሚያበርራት ድሮን ሰፌድ ታክላለች። ሆዷ ላይ ድምፅ ማጉያ ተለጥፎባታል፤ ሥራዋም የሰው ሞት ማወጅ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ደሴ ቅሬ ይለዋል፤ ይመር የቅሬው ነፊ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ጥሩምባ በዓይኑ ያየ ሰው አልተረፈም፤ እሱን ግን ዛሬም ነፊው ነው የሚሉት። ዕቃው ሲሻሻል ስድቡን ማንም አላሻሻለውም።

የማያውቅ ሰው ድሮን ማብረር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጣት ማንቀሳቀስ ይመስለዋል። የዝቅተኛ ሰማይ አዋጅ ግን አብራሪ ድሮኑን ለቅጽበት እንኳ ከዓይኑ ማጣት የለበትም ይላል። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር ይመር ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ፣ የፕላስቲክ ቆቡን ደፍቶ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ ከሥሯ ይሮጣል። ደሴ ደግሞ ሜዳ አይደለችም። የድሮ ነፊዎች ጥሩምባ ይዘው የወጡትን ዳገት እሱም ይወጣዋል፤ ልዩነቱ እነሱ የሚረግጡትን ያዩ ነበር። ቦይ ውስጥ ወድቋል፤ የሰው አጥር ጥሶ ገብቷል፤ አንድ ጊዜም ወይዘሮ ዘምዘም ያሰጣችው በርበሬ ላይ በፊቱ ተደፍቶ፣ ለማያውቀው ሟች ከዘመድ በላይ ሲያለቅስ ሰንብቷል።

ከመሸ ማብረር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ማታ የሞተ ሰው እስኪነጋ ድረስ እንዳለ ይቆጠራል። ሳይፈቅድ በሰው አናት ላይ ማብረር ክልክል ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ይመር ሽንቱን ሰጥቷል፤ ዓይኑን ታይቷል፤ ዋስ ጠርቷል፤ የአእምሮ ጤንነቱን ልታረጋግጥ ከተቀመጠች ልጅ እግር ሐኪም ፊት ቀርቦ የተደፋ ቀለም እያየ «ቢራቢሮ ነው» ብሏል። በጽሑፍ ፈተናው በተደጋጋሚ የጣለው አንድ ጥያቄ ነው። «በበረራ ላይ ሳሉ አሞራ ድሮንዎን ቢያጠቃ ምን ያደርጋሉ?» ይላል። ይመር በተፈተነ ቁጥር «እታገለዋለሁ» ብሎ ጻፈ። መልሱ «ሪፖርት አደርጋለሁ» ነበር። ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጀበት።

ይህ ሁሉ ለሱ ነው፤ ከአናቱ በላይ ለሚያልፉት አይደለም። ከኮምቦልቻ መጋዘኖች ወደ ሰሜን የተዘረጋው የሰማይ መንገድ ልክ በሰፈሩ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዕቃ የሚያመላልሰው ድርጅት «ልዩ ፈቃድ» የሚባል ነገር አለው። አንድ አብራሪው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ሺህ ድሮን በዓይኑ ይከታተላል ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው የትኛዋ እናት እንደወለደችው አዋጁ አይገልጽም። ነዋሪው በአናቱ ላይ እንዲበረር ፈቅዷል ይባላል፤ መቼ እንደፈቀደ ግን የሚያስታውስ የለም። ስልክ ሲቀይር «እስማማለሁ» የሚለውን ሲጫን ነው የሚሉ አሉ።

ድሮኖቹ በመንጋ ነው የሚያልፉት። መንጋው ሲመጣ የመንገድ ሥር ሰው ቃሉን መሃል ላይ ይቆርጣል፤ ሲያልፍ ከቆረጠበት ይቀጥላል። «ገበያ ሄጄ ሽን…» ይልና አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ ሰሚውም ይቆማል፤ ጥራጊውን የሚጭረው ዶሮ እንኳ እግሩን አንስቶ ይቆማል፤ ከዚያ «…ኩርት ጠፋ» ብሎ ይጨርሳል። ልጆቹ በዚህ አድገው ጸጥ ያለ አገር ሄደውም እንደዚያው ናቸው። ከሰፈሩ ወጥታ ሐዋሳ ያገባች አንዲት ልጅ፣ «ይቺ ልጅ የምትደብቀው ነገር አላት» ብለው አማቶቿ መልሰዋታል። ሕፃናቱ ደግሞ ጩኸት ሲሆን ይተኛሉ፤ ጸጥ ሲል ደንግጠው ያለቅሳሉ።

በዚያ ዓመት አዋጁ ሲሻሻል ማንም ልብ ያላለው አንድ አንቀጽ ገባበት። የአንድ ትልቅ ሰው እናት ቀብር ላይ ከሰማይ ፒዛ ስለወደቀ ነው የገባው ይባላል። ፈቃድ ያለው አብራሪ ሞት ካወጀ የለቅሶው ድንኳን እስካለ፣ እስከ ሦስት ቀን፣ በዚያ ሰፈር ሰማይ ላይ ምንም አይበርም።

ጥቅምት ላይ እትዬ አሰገደች ሞቱ። የምር ነው የሞቱት። ይመር አበረረ፣ ሮጠ፣ አወጀ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰማዩም ዝም አለ።

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ስለ ሟቿ ደግነት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆረጥባቸው ጨረሱና ራሳቸው ደነገጡ። ከሰዓት በኋላ ሰው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። አልቃሿ ሙሾዋን መሃል ላይ ትታ አንኮራፋች። ያን ያህል ሰው ያን ያህል የተኛበት ለቅሶ በደሴ ታይቶ አይታወቅም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ መንጋው ተመለሰ። ወይዘሮ ዘምዘም፣ የሰፈሩ ባለሱቅ፣ አግዳሚ እየተሸከመች ዘወር አለችና «እንግዲህ…» ብላ መንጋውን አሳለፈች። «…ሌላ የታመመ የለም?» አለች።

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ማሰብ ጀመረ።

በሳምንቱ የቅሬው ሰብሳቢ፣ ዳኛ የሚሉት፣ አቶ ልሣነወርቅ ወደ ይመር ቤት መጣ። እዚያ ቤት ረግጦ አያውቅም። ይመርና አቶ ልሣነወርቅ የቆየ ነገር አላቸው፤ ልክ ለመናገር ነገሩ ያለው ይመር ነው፤ ሌላው ረስቶታል። ይመር ስድስተኛ ክፍል ሳለ ርእሰ መምህሩ አቶ ልሣነወርቅ ነበር። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ከመስመር አውጥቶ፣ «አንተ ለጥሩምባ እንኳ አትሆንም» አለው፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጡረታ ወጥቶ የቅሬ ዳኛ ሲሆን ነፊ አድርጎ የቀጠረውም ራሱ ነው። ነፊ በቅሬው ስብሰባ ድምፅ የለውም። ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፤ ከድስት አጣቢዎቹ ጋር ከኋላ በኩል ይበላል። ይመር ይህን ሁሉ እንደ ጥርስ ሕመም በምላሱ እየነካካ ሲኖር ነው አሁን ሰውየው በሩ ላይ የቆመው።

«አያ ይመር፣ እንዴት ዋልክ?»

ይመር ከኋላው ሌላ ይመር የቆመ መስሎት ዞሮ አየ።

«ደህና ነኝ ጋሼ። ማን ሞተ?»

«እሱን እንኳ ልንነጋገርበት ነው የመጣሁት» አለ አቶ ልሣነወርቅ። «የዘምዘም አክስት ጅቡቲ ነበሩ አይደል? ሞተዋል።»

«መቼ?»

«ካቻምና። መርዶው ግን በወጉ አልተነገራትም። ሰው በስልክ ነው የነገራት። በስልክ የተነገረ መርዶ መርዶ ነው?»

ይመር አሰበ። መርዶ ሬሳ አይፈልግም። ሰው በሩቅ አገር ይሞታል፤ ዘመዱ እዚህ ድንኳን ተክሎ ይቀመጣል፤ ይህ ከአባት የመጣ ነው። አዋጁም ሰውየው መቼ ይሙት አይልም።

«ፈቃዴ ላይ ችግር ቢመጣስ?» አለ። «ያቺን ፈቃድ ካጣሁ ጋሼ፣ እኔ ምን ቀረኝ?»

«የሞተ ሰው ሞተ ብለህ ምን ችግር ይመጣል?»

«እንግዲያው እኔም ድንኳን ውስጥ ልቀመጥ። በስብሰባም ድምፅ ይኑረኝ።»

አቶ ልሣነወርቅ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ከገና በኋላ በጠቅላላ ጉባኤ እናየዋለን» አለ።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። የጅቡቲዋ አክስት ታወጁ፤ ሰፈሩ ተኛ። ከዚያ የአንድ መኪና አጣቢ አጎት፣ ሱዳን ሞተው የቀሩ፣ ታወጁ። ከዚያ በድሮ ጊዜ ጂዳ የሞተች አንዲት እህት። ሰው በየቤቱ የረሳቸውን ዘመዶቹን ያስታውስ ጀመር። ሙታንን የሚያከብር ሕዝብ የሚባለው ያን ጊዜ የመንገድ ሥር ሕዝብ ነበር። ሰኞ የክርስቲያን ድንኳን ቢነሳ ማክሰኞ የሙስሊም ይተከላል። ንፍሮ ሳይጠፋ፣ የቅሬው ድስት ሳይቀዘቅዝ ጥር መጣ። ሰዎች ድንኳኑ ሥር ካርታ ይጫወታሉ፤ ባልና ሚስት ለብዙ ዓመት መሃል ላይ የተቆረጠባቸውን ጠብ ቁጭ ብለው እስከ ዳር ተጣልተው ይጨርሳሉ፤ አንድ ሁለት ልጅም ተፀነሰ ይባላል። የድርጅቱ መንጋ በአዝዋ ገደል በኩል ዞሮ ይሄዳል።

ይመር ጉልበቱ ያብጥ ነበር እንጂ አልከፋውም። በሩን የሚያንኳኳ በዛ። ትናንት «አንተ ነፊ» ይሉት የነበሩት «አያ ይመር፣ የኔን አጎት ከእነ እንድሪስ አስቀድምልኝ» እያሉ ደጅ ይጠኑታል። እሱም «አያለሁ» ማለት ተማረ። አያለሁ ማለት እንዲህ የሚጥም ቃል መሆኑን ሹሞቹ ደብቀውት ኖረዋል። ገና ግን መጥቶ አለፈ፤ ጉባኤው አልተጠራም፤ ይመርም የሚበላው ከኋላ ከድስት አጣቢዎቹ ጋር ነበር።

የካቲት ላይ ሙታን አለቁ። አንድ ሰፈር ያለው የሩቅ ሟች ስንት ሊሆን ነው? መንጋው ተመልሶ አንድ ሳምንት በላያቸው ላይ ሲያገሳ ሰነበተ፤ ጸጥታ ከቀመሰ በኋላ ጩኸት እንደ አዲስ ነው የሚመጣው። አቶ ልሣነወርቅ ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ።

«ሐይቅ ወንድም አለኝ» አለ። «ግዛቸው።»

«መቼ ሞቱ?»

«ለኔ ሃያ ዓመቱ ነው። በአባታችን ቤት ከተጣላን ጀምሮ።»

«ጋሼ፣ እኔ የምጠይቅዎት… » መንጋው አለፈ። «…ለሌላው ሰው መቼ እንደሞቱ ነው።»

«አልሞተማ! ግን የሚያስታውሰው ማን አለ? ብቻውን የሚኖር ሰው ነው።»

«አይሆንም» አለ ይመር። «የሞተን ሰው ዘግይቼ ባውጅ የሚይዘኝ አንቀጽ የለም። ያለን ሰው ሞተ ብል ግን ፈቃዴን ተቀምቼ ወህኒ ነው የምወርደው። አይሆንም።»

በማግሥቱ አቶ ልሣነወርቅ ግማሽ ሰፈር ይዞ ተመለሰ። በሰው ፊት ቀኝ እጁን አነሳ። «የመጣ ቢመጣ ቅሬው ከኋላህ ነው። አንተ የኛ ልጅ ነህ» አለ። ይመርን የኛ ልጅ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። ወይዘሮ ዘምዘምም «እኔ ምስክር ነኝ፤ ወላሂ!» አለች። ይመር ሰደርያውን ለበሰ። ቂመኛ ሰው ሲያቆላምጡት እንዴት እንደሚሞኝ ቂም የሌለው ሰው አያውቅም።

አቶ ልሣነወርቅ ወንድሙን አሳምሮ አለቀሰ። ነጠላውን አደግድጎ፣ «ወንድሜ፣ መከታዬ፣ ያባቴ ምትክ» እያለ ደረቱን ሲመታ ነገሩን የሚያውቁት እንኳ እንባቸው መጣ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቅ አንድ ሽማግሌ አቧራ ለብሰው ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ።

ሙሾው ተቋረጠ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ ሰውየው።

«ግዛቸው የሚባል የዳኛችን ወንድም ነው። ነፍስ ይማር» አለ በር ላይ የነበረው።

«እሱስ ነኝ» አሉ። «ሐይቅ ላይ ጎረቤቶቼ ሊቀብሩኝ መጥተው እኔን በር ላይ ሲያገኙኝ ተጣሉኝ።»

አቶ ልሣነወርቅ ተነስቶ፣ «ምን ልትሠራ መጣህ?» አላቸው በቀስታ።

አቶ ግዛቸው ለጠብ ነበር የመጡት፤ ከዘራቸውም ለዚያ የተመረጠ ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ግን ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ሐይቅም የሰማይ መንገድ ሥር ናት። ጆሯቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ። «ዝም ይላል እንዴ እዚህ?» አሉ። ከዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ፤ ንፍሮ ተሰጣቸው፤ በለቅሷቸው ላይ አደሩ። ጠዋት ላይ ነገሩን ያልሰማ የሩቅ ለቀስተኛ ገብቶ «ሟቹ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ቢላቸው፣ «ክፉ አልነበረም፤ ግን ጠያቂ አልነበረውም» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ከዝቅተኛ ሰማይ ባለሥልጣን አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ሩቅያ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ገባችና ለሁሉም «አላህ ያጽናችሁ» አለች። ከዚያ የብርቱካናማ ሰደርያ ባለቤት ፈለገች።

«አብራሪ ይመር ጌጡ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ እህቴ።»

«ድርጅቱ አቤቱታ አቅርቧል። ከጥቅምት ወዲህ በዚህ ሰፈር የሞተው ሰው ወረርሽኝ ካለበት አገር ይበልጣል ይላል። የቀድሞዎቹን አይቻለሁ፤ ሁሉም የሞቱ ናቸው። የአሁኑ ሟች ግን መዝገብ ላይ በሕይወት አሉ።» ስልኳን አየች። «ያልሞተን ሰው ሞት ያወጀ አብራሪ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ አምስት ዓመትም ይታሰራል። ያወጁትን ሞት ማን ነገርዎት?»

ይመር አቶ ልሣነወርቅን አየ። ድንኳኑ ሁሉ አቶ ልሣነወርቅን አየ።

አቶ ልሣነወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። በሰልፍ ፊት ሲናገር የኖረ ሰው ድምፅ አለው። «ልጄ፣ እኛ ሐዘንተኞች ነን» አለ። «ነፊው አወጀ፤ እኛ አለቀስን። ሞት የሚያመጣው ነፊ ነው። እኛ ምን እናውቃለን?»

ይመር ወደ ወይዘሮ ዘምዘም ዞረ። ዘምዘም ንፍሮው ውስጥ ጠጠር ትፈልግ ጀመር። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው እግራቸው ሥር የሚያዩት ነገር አገኙ። አዎ፣ ቅሬው ከኋላው ነበር፤ በጣም ከኋላው።

«እኚህስ ማን ናቸው?» አለች ሩቅያ፣ ንፍሮ የሚቆረጥሙትን ሽማግሌ እያየች።

«ግዛቸው ነኝ» አሉ።

«ሟቹ?»

«እንደሚሉት።»

ሩቅያ አልሳቀችም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ወደ ይመር ዞራ። «ድንኳን ሳይነሳ የስም ስህተት አርሞ ማወጅ በአዋጁ ይፈቀዳል። ስህተቱ የስም ነው ወይስ የሞት? የሞት ከሆነ አሁን ፈቃድዎን እቀበልዎታለሁ።»

«የስም ነው» አለ ይመር። ሳያስብ ነው ያለው፤ አፉ ቀደመው።

«እንግዲያው የሞተው ማን ነው?»

ይመር በአግዳሚው ላይ ዓይኑን ሰደደ። በሕይወቱ ያን ያህል ሰው ያን ያህል በጥሞና ሰምቶት አያውቅም።

«ወንድማቸው ናቸው» አለ። «የአቶ ግዛቸው ወንድም። አቶ ልሣነወርቅ።»

መጀመሪያ የሳቀው አቶ ልሣነወርቅ ራሱ ነበር። «ልጄ፣ ይኸ ሰው ስድስተኛ ክፍልም እንዲህ ነበር» አለ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

«በአዋጁ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው» አለች ሩቅያ፤ «የቅርብ ዘመድ ቃልና ለቅሶ። አባባ ግዛቸው፣ ወንድምዎ ሞተዋል?»

አቶ ግዛቸው የአፋቸውን ንፍሮ ሳይቸኩሉ ጨረሱ። ወንድማቸውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሁለት ቀን ሙሉ መከታዬ እያለ ሲያለቅስልኝ ነበር አሉ» አሉ። «ደስ ብሎኝ ገባሁ። በሕይወት ሲያየኝ ያለኝን ልንገርሽ? ‹ምን ልትሠራ መጣህ› ነው ያለኝ። እንዲህ የሚል ወንድም አለኝ ልበል?» ከዚያ ከዘራቸውን ጣሉና ደረታቸውን በሁለት እጃቸው መቱ። «ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!»

ወይዘሮ ዘምዘም ንፍሮውን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ሒሳብ የምትሠራ ሴት መልክ ታየ፤ አዲስ የሞት አዋጅ ማለት ሌላ ሦስት ቀን ማለት ነው። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች።

«ዋይ! ዳኛችን!» አለች።

ሰፈሩ ተከተላት። አልቃሿ ተነስታ «አስተምሮ አስተምሮ፣ መቃብር ገባ ዘንድሮ» ብላ ገጠመችለት። አቶ ልሣነወርቅ መሃል ላይ ቆሞ «አለሁ! እኔ ነኝ! ዘምዘም፣ አታዪኝም?» እያለ ሲጮኽ አጠገቡ ያሉት «አይዞህ፣ ጠንከር በል» እያሉ ያስቀምጡታል፤ ለማን እንደሚያዝኑ እንኳ ተምታቶባቸዋል።

ሩቅያ ስልኳ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። «ጋሼ፣ ቅሬታ ካለዎት አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ቀርበው ማመልከት ይችላሉ» አለችው። «ወረፋው ወደ ስምንት ወር ነው። በአካል መቅረብ ግን ግዴታ ነው፤ መታወቂያም ይጠየቃል። የርስዎ መታወቂያ ደግሞ ዛሬ ይዘጋል።»

«ልጄ፣ እያየሽኝ!»

«እኔ የማየው አንቀጽ ነው ጋሼ» አለች በትሕትና፤ ጫማዋንም አስተካክላ ሄደች።

ይመር ድሮኗን አስነሳ። ያን ቀን ዳገቱን የወጣበትን ጉልበት ከየት እንዳመጣው አያውቅም። ድሮኗ ከላይ ስታውጅ፣ እሱ ከሥሯ አንጋጦ ሲሮጥ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ሟቹ ሱፍ ልብሱን እንደለበሰ «ውሸት ነው! አትስሙት!» እያለ ይከተላቸው ነበር። አቶ ልሣነወርቅ ግን ድምፅ ማጉያ የለውም። ፈቃድም የለውም። ሰው በየበሩ ወጥቶ ወደ ላይ ሰማ፤ ወደ ታች ያየ አልነበረም።

መዝገቡ በማግሥቱ ተስተካከለ። የአቶ ልሣነወርቅ ስልክ ዝም አለ፤ በጣት አሻራ የሚከፈተው የቤቱ ቧንቧ ጣቱን አላውቅም አለው፤ የጡረታ ቢሮው ለቤተሰቡ የሐዘን መልእክት ላከና መልእክቱን እሱ ተቀበለው። ዘምዘም ዳኛ ሆነች። ሰው በመጀመሪያ ሰሞን ያፍረው ነበር፤ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። በኋላ ግን ለመደው። የሞተን ሰው ሰላም ማለት ለማንም ይከብዳል፤ አለማለት ግን በጣም ቀላል ነው።

የይመር ፈቃድ ዳነ። በተከታዩ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ከፊት፣ መሃል ላይ አስቀመጡት። በቀኙም በግራውም አግዳሚው ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ በሁለት እጁ ይጨብጠዋል፤ «አያ ይመር፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ይለዋል፤ በአንቱታ። ዘምዘም ሳይጠይቃት አንድ ቁና በርበሬ ላከችለት። ከሱ ጋር የሚከራከር ጠፋ፤ ካርታ እንኳ ሲጫወቱ ሆን ብለው ይሸነፉለታል። አንድ ሳምንት ያህል በጣም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ድንኳን ሲተከል ከድስት አጣቢዎቹ ጋር ሊቀመጥ ወደ ኋላ ቢዞር፣ ሴቶቹ ድንግጥ ብለው ተነሱ፤ አንዷ «ምን አጠፋሁ አያ ይመር? ልጆች አሉኝ» አለችው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። አቶ ልሣነወርቅ ነው። ሱፉ ሰፍቶታል።

«ይመር» አለ። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንድ ጊዜ አብርርልኝ። ‹አቶ ልሣነወርቅ አሉ› በልልኝ፤ ሌላ አልፈልግም። አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ያለ መታወቂያ በር ላይ አላስገቡኝም።»

ይመር በሩን ይዞ ቆመ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቡ እንደኖረው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

«ጋሼ» አለ፤ «እርስዎ ካሉ እኔ ዋሽቻለሁ። ከዋሸሁ ፈቃዴ ይሄዳል፤ እኔም ወህኒ እሄዳለሁ። ስለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንደሞቱ ይቆዩልኝ።»

አቶ ልሣነወርቅ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ስህተት የሌለበት መልስ መሆኑን ያወቀ አስተማሪ ይመስል ነበር። ግን አልሄደም። የሚሄድበትም አልነበረውም።

«ምሳ በልተዋል?» አለ ይመር።

«ማን ያበላኛል?»

«ይግቡ።»

ገባ። ይመር ሽሮውን አቀረበ፤ ትሪው ጠባብ ስለነበር ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ አጠገቡ ተቀምጦ የበላ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሟቹ በደንብ ይበላ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ስታውጀኝ… ጥሩ ነገር ብለህልኛል?»

«ከስምና ከቀብር ሰዓት ሌላ አይፈቀድም ጋሼ።»

«አዎ። እሱስ ልክ ነው።»

ይመር የእንጀራውን ጠርዝ ቆረሰ፤ አልጎረሰውም። «‹አስተማሪ ነበሩ› የምትል ግን ጨምሬያለሁ» አለ። «ያስቀጣል። እንዳይናገሩብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ?» አለ ሟቹ፤ ሽሮውንም ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።